ደብተሩን የጣለው ልጅ ሒሳብ ያውቃል

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለታዳጊ ተማሪዎች የትምህርትን ጥቅም በብር አስልቶ ስለማሳየት

ሚኒስቴሩ የ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤትን ይፋ ሲያደርግ የምሥራች ይዞ ነበር የመጣው። ፈተናውን ከወሰዱት 585 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ሆነዋል። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በተወሰደበት በ2014 ዓ.ም. ቁጥሩ 3.3 ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4። ሪፖርት ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ ሽቅብ የሚወጣ መስመር ነው፤ ኩረጃን በመከላከል የተገኘ ስለሆነም ሊኮራበት ይገባል።

ሆሳዕና ያለ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን ከዜናው የሚሰማው «ከመቶ ስምንት» የምትለዋን ብቻ ነው። ስድሳ ልጆች በታጨቁበት ክፍል ውስጥ ይህ አምስት ልጅ ማለት ነው። አምስቱ እነማን እንደሆኑ ክፍሉ ከወዲሁ ያውቃል፤ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የሚወጡት ናቸው። ሃምሳ አምስቱም ራሳቸውን ያውቃሉ።

ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ስለ ሃምሳ አምስቱ ነው።

ከእነሱ አንዱ ሲያቋርጥ የሚባለው የታወቀ ነው። ትውልዱ ሰነፈ፣ ስልክ አበላሸው፣ አቋራጭ ለመደ፣ ቶሎ ልክበር አለ። ስብሰባ ላይም፣ ሬዲዮ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ይባላል። ልጁን ቀርቦ የጠየቀው ግን ሌላ ነገር ይሰማል፤ ልጁ አስልቷል። ዓይኑ ያያቸውን ቁጥሮች ደምሮና ቀንሶ፣ ትምህርት እንደማያዋጣ ደምድሞ ነው የወጣው። ስሌቱ ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱ ግን የእሱ ብቻ አይደለም። ትክክለኛውን ቁጥር የያዘው መሥሪያ ቤት ቁጥሩን አልሰጠውም።

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ልጁ ምን እንደሚያይ እንመልከት። ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ከዚህ አካባቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጎርፍ የኖረው ወጣት ብዙ ነው። መንገዱ በሞያሌ አድርጎ፣ ኬንያንና ታንዛኒያን አቋርጦ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል ይወርዳል። ደርሶ ስፓዛ የሚባለውን የሰፈር ሱቅ የከፈተው ልጅ ለያሆዴ መስቀላ ራሱ ባይመጣ እንኳ ብሩ ይመጣል። የአባቱ ሣር ቤት ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ቆርቆሮው ቆይቶ ፎቅ ይሆናል። የእህቱ ሠርግ ቪዲዮ በሰፈሩ ስልክ ሁሉ ይዞራል። ይህን ሁሉ የ9ኛ ክፍሉ ተማሪ ያያል፣ ይመዘግባል።

መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት የተገኘውን ግን አላየም። 64 ሰዎች ታፍነው ሞተዋል፤ በሕይወት የተገኙት 14 ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። የሞተ ሰው ፎቅ አይሠራም፤ ስለዚህ በልጁ ስሌት ውስጥ አይገባም። ሱቁ ተዘርፎ ባዶ እጁን የቀረውም፣ ለደላላ ተብሎ የተሸጠው በሬ ዋጋ ያልተመለሰለትም እንዲሁ። ከስደት የሚታየው የተሳካለት ብቻ ነው።

ከትምህርት የሚታየው ደግሞ በተቃራኒው ያልተሳካለት ነው። ተምሮ ያለፈለት ሰው ሰፈር ውስጥ የለም፤ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ወይም ከዚያ አልፎ ሄዷል። ሰፈር ውስጥ ያለው ዲግሪውን ፕላስቲክ አስለብሶ እናቱ ቤት የተቀመጠው ነው፤ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ አንብቦ ከሰዓት ከረንቦላ ቤት በር ላይ የሚቆመው። ልጁ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያየው ሌላ የተማረ ሰው ቢኖር መምህሩ ነው። የፊዚክስ መምህሩን ጫማ ሲመለከት የፊዚክስን ዋጋ ያነባል። ይህን ለመናገር ማሳፈሩ እውነት መሆኑን አያስቀረውም።

ትምህርት ቤቱስ ምን መልስ ይሰጠዋል? ጠዋት ሰልፍ ላይ ሚኒ ሚዲያ «ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው» ይላል። ዩኒት ሊደሩ ያረፈደውን ያንበረክካል። ርዕሰ መምህሩ የነገ አገር ተረካቢነትን ያስታውሳል። አያቶቹ «የተማረ ይግደለኝ» ሲሉ በመንደሩ የተማረ የሚባለው ሰው በጣት የሚቆጠር፣ ደመወዙም በሬ የሚያስገዛ ነበር፤ ምክሩ ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር። ዛሬ ያ ማስረጃ ከመንደሩ ስለጠፋ ምክር ብቻውን ቀርቷል። በብር የሚያስብን ልጅ በመፈክር መመለስ አይቻልም። ጥያቄው በብር ነው፤ መልሱም በብር መሆን አለበት።

እንዲህ ያለው መልስ ሌላ አገር ተሞክሯል። ሮበርት ጄንሰን የተባለ ኢኮኖሚስት በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የ8ኛ ክፍል ወንዶች ልጆችን «ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ስንት ያገኛል?» ብሎ ጠየቀ። ልጆቹ የሚያውቁት የሰፈራቸውን ሰው ብቻ ነበርና በጣም ዝቅ አድርገው ገመቱ። ከትምህርት ቤቶቹ በከፊሉ ለነበሩት ተማሪዎች በአገሪቱ የተመዘገበው ትክክለኛ ገቢ ተነገራቸው። ገንዘብ አልተሰጣቸውም፤ ደብተርም አልታደለም። በቀጣዮቹ አራት ዓመታት እነዚያ ልጆች ካልተነገራቸው በአማካይ ከ0.2 እስከ 0.35 የሚደርስ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ቆዩ። አንድ ወረቀት አንብቦ ለመነሳት ለሚበቃ ወጪ ይህ ቀላል ውጤት አይደለም።

የጥናቱ ሁለተኛ ግኝት ግን ከመጀመሪያው ይበልጥ ሊጤን ይገባዋል። ለውጡ የታየው በአንጻራዊነት ሻል ያለ ኑሮ ባላቸው ልጆች ላይ ነበር። እጅግ ድሃ ከሆነ ቤት የመጡት ትክክለኛውን ቁጥር ሰምተው፣ ግምታቸውንም አስተካክለው፣ ግን እምብዛም አልቆዩም። ማወቃቸው ምሳ አልሆናቸውም። ይህን የዘለለ ማንኛውም ዘመቻ ፖስተር ከማሳተም አያልፍም፤ ፖስተር ደግሞ በቂ አለን።

ማዳጋስካር ላይ ትራንግ ንጉየን የተባለች ተመራማሪ ያደረገችው ጥናት ሌላ ነገር ይጨምራል። ስለ ትምህርትና ገቢ የተነገራቸው ልጆች የፈተና ውጤታቸው ተሻሻለ። ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ታሪካቸውን ከነገሩ እንግዶች መካከልም ለድሃ ልጆች የጠቀመው ከድሃ ቤት የወጣው ነበር፤ ከደኅና ቤት የመጣው እንግዳ ንግግር ያን ያህል አልረዳቸውም። የወላጆች ቀን ሲደርስ ባለሀብት ወይም ባለሥልጣን ለመጋበዝ ለሚሯሯጥ ትምህርት ቤት ይህ ሊነገረው ይገባል።

ሩቅ መሄድም አያሻም። ምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ውስጥ፣ ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ የሚገኙበት የኢኮኖሚስቶች ቡድን ከ15 ዓመት ገደማ በፊት ለገበሬዎች አራት አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሳየ። እያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። በአፋን ኦሮሞ የሚናገሩ፣ እንደ ተመልካቹ ገበሬ ሆነው ኑሯቸውን ያሻሻሉ ሰዎች እንዴት እንደሠሩ ይተርካሉ። ለንጽጽር የተመረጡት ሌሎች የመዝናኛ ፕሮግራም ብቻ አዩ። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ያዩት ቤተሰቦች የበለጠ ቆጥበው፣ ለልጆቻቸው ትምህርትም የበለጠ አውጥተው ተገኙ። ፊልሙ ስብከት አልነበረበትም። «ይህ ሰው እኔን ይመስላል» የሚል ስሜት ግን ነበረው፤ ሐረርጌ ላይ የሠራውም እሱ ነው።

አሁን ስሌቱን ከልጁ ጋር አብረን እንሥራው፤ በ2014 ዓ.ም. ሚኒስቴሩን እንዲመሩ የተሾሙት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ በባክኔል ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ያስተማሩ ናቸውና ሒሳቡ እንግዳ አይሆንባቸውም። መነሻው ለሁሉም የታወቀ ቁጥር ይሁን። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ 11,500 ብር ነው። ልዩነቱ በወር 5,500፣ በዓመት 66,000 ብር ይሆናል። ልጁ በ15 ዓመቱ 9ኛ ክፍል ገብቶ በ23 ዓመቱ ቢመረቅና እስከ 60 ዓመቱ ቢሠራ፣ ዕድገትና ጭማሪ ሳይቆጠር፣ በ37 ዓመት ውስጥ 2 ሚሊዮን 442 ሺህ ብር ብልጫ አለው። ትምህርት ላይ ባይሆን በስምንቱ ዓመታት ውስጥ በወር 6,000 ብር ሊያገኝ ይችል ነበር ብለን 576 ሺህ ብንቀንስ እንኳ ከ1.8 ሚሊዮን ብር በላይ ይተርፋል። ይህ በሰልፍ ላይ ሊነገር የሚገባው ቁጥር ነው፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሒሳብ ደብተሩ ላይ ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ብልጡ ልጅ ግን እዚህ ላይ እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ ያ ካለፍኩ ነው።» ልክ ነው። ከመቶ ስምንት ነጥብ አራት ሰው ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ብልጫውም በዚያው ልክ መቀነስ አለበት። አራቱ የሁለተኛ ደረጃ ዓመታት 288 ሺህ ብር ያስቀሩበታል፤ ይህ የተረጋገጠ ወጪ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚወስዳቸው አራት ዓመታት ተቀንሰው የሚቀረው 2 ሚሊዮን 154 ሺህ ብር ግን በ8.4 በመቶ ዕድል የሚመጣ ነው፤ ሲባዛ 181 ሺህ ብር አይሞላም። በዚህ ስሌት ልጁ ደብተሩን መጣሉ ልክ ነበር።

ደግሞ እንየው። በወር 6,000 ብር ሳይቋረጥ የሚያገኝ የ15 ዓመት ልጅ ብርቅ ነው። የባጃጅ ረዳት፣ የሊስትሮ ልጅ፣ ቡና ለቃሚ ይህን ወር በወር አይነካም። እስከ 23 ዓመቱ በግማሹ፣ በ3,000 ብር ቢታሰብ የአራቱ ዓመት ወጪ 144 ሺህ ይሆናል፤ በዕድሉ ተባዝቶ የሚገኘው ደግሞ ወደ 193 ሺህ ይጠጋል። ሚዛኑ ተገለበጠ፤ አሁን መማር ያዋጣል። አንድን ልጅ ትምህርት ቤት የሚያስቀረው ወይም የሚያስወጣው ልዩነት ይህን ያህል ቀጭን ነው። የወረዳው የቀን ሥራ ዋጋ ሲቀየር፣ የትምህርት ቤቱ የማሳለፍ ዕድል ሲቀየር መልሱም ይቀየራል። ሻኪሶ ወርቅ የሚቆፈርበት ወረዳ ያለ ልጅና ደብረ ማርቆስ ያለ ልጅ አንድ ስሌት ሊሰጣቸው አይችልም። (የዋጋ ንረቱን ማን ያሰላዋል ለሚል፣ ሁለቱንም ወገን ስለሚበላ ለጊዜው ይለፈን።)

በዚህ ስሌት ውስጥ ከሁሉም የከፋው ግምት ያለፉት ብቻ ይጠቀማሉ፣ ሃምሳ አምስቱ ምንም አያገኙም የሚለው ነው። በዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ጥናቶች ይህን አይሉም፤ ኢኮኖሚስቶቹ ሳካሮፑሎስና ፓትሪኖስ እንዳጠናቀሩት አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ገቢን በአማካይ 9 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል፤ ለዚያም ዲግሪ ግድ አይደለም። እኛ ዘንድ ግን የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ዓመት ለልጁ የሚታይ ዋጋ አጥቷል። ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ የቆየው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። ፈተናው ችግር አልነበረበትም ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን 10ኛን የጨረሰ ልጅ ለቀጣሪም ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም የሚያሳየው አገር አቀፍ ወረቀት ነበረው። ዛሬ ከ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በኋላ እስከ 12ኛ ድረስ አራት ዓመት የሚሄድ ረጅም ድልድይ አለ፤ መሐል ላይ መውረጃ የለውም። 11ኛ ላይ የወረደ ልጅ 8ኛ ላይ ከወረደው የሚለየው በምን እንደሆነ ለአሠሪ ማስረዳት አይችልም።

ሚኒስቴሩ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ብሎ የጀመረው፣ ተማሪው ሪሚዲያል የሚለው፣ ለተወሰኑት በር ከፍቷል። ቴክኒክና ሙያም አለ። ሰፈር ውስጥ ግን አሁንም «ወድቆ ቴክኒክ ገባ» ነው የሚባለው። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ቧንቧ የሚጠግን፣ ብየዳ የሚችል ልጅ በወር ስንት እንደሚያገኝ ማንም ለ9ኛ ክፍል ተማሪ ነግሮት አያውቅም። ኮሌጆቹ ምሩቆቻቸው የት እንደደረሱ ይከታተላሉ፤ ግኝቱ ግን ከመደርደሪያ ወደ ክፍል አይሄድም። በ7ኛና 8ኛ ክፍል የሙያና ቴክኒክ ትምህርት የሚል ክፍለ ጊዜ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ገብቷል፤ ይህ ቁጥር ቦታ ካጣ እዚያ ይግባ።

እውነቱን ለመናገር ግን ሁሉንም መንገር ያስፈልጋል፤ ልጅ ግማሽ እውነትን ቶሎ ያሸታል። በ2015 ዓ.ም. በተሰጠው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ካለፉት ይልቅ የወደቁት በዝተዋል፤ ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። በዚያው ፈተና የመንግሥት ተቋማት ተማሪዎች ከግል ኮሌጆች ተማሪዎች እጅግ ተሽለው ተገኝተዋል። ይህ ለአንድ ቤተሰብ የብር ጉዳይ ነው፤ የትኛው ኮሌጅ ገንዘቡን እንደሚበላና የትኛው እንደሚመልስ የሚናገር። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያለበት እንዲህ ያለው ነው።

የፋብሪካውም ነገር አይደበቅ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ሲጀምር የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ያህል ነበር፤ በዓለም ልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ። ኢኮኖሚስቶቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ባደረጉት ጥናት በዕጣ ሥራ ከደረሳቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላ ለቀቁ። ደመወዙ ሰፈር ውስጥ ከሚገኘው አይበልጥም ነበር፤ ጤናቸውም ተጎዳ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። የደመወዝ ወለል የሌለበት አገር ውስጥ «10ኛን ጨርስ፣ ፋብሪካ ትገባለህ» የሚለው ማባበያ አቅም የለውም። ይህ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው ይባል ይሆናል፤ የልጁ ሒሳብ ግን የመሥሪያ ቤቶችን ድንበር አያውቅም።

የሴቶቹ ስሌት ደግሞ ለብቻው ነው። ከደቡብ ወሎና ከራያ መንደሮች ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው ልጅ ፊት ለፊቷ ሦስት ነገር አለ፤ ባል፣ ጂዳ፣ ትምህርት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለመሄድ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ መሆንን ግድ አድርጎ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አንድ ነገር ግን ሳይታሰብ አስተማረ፤ የ8ኛ ክፍል ካርድ ዋጋ በቪዛ ተለካ፤ ከ8ኛ በላይ ያለው ምን እንደሚጨምር የነገራት የለም።

የአማራ ክልል የወጣቶች ቢሮ ከፖፑሌሽን ካውንስል ጋር በሞሰቦ ቀበሌ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. ያካሄደው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ የልጃገረዶች ፕሮግራም እዚህ ላይ ሊታወስ ይገባል። ልጆቹ በቡድን ተደራጁ፤ ደብተርና እስክርቢቶ ተሰጣቸው። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳትዳርና ከቡድኗ ሳትቀር ከቆየች መጨረሻ ላይ አባቷ ባለበት በአደባባይ አንድ እንስሳ ትሸለማለች። እንስሳው ለአባት ይገባዋል፤ ሊያየው፣ ሊነካው፣ ሊያረባው ይችላል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ ጋብቻ ከንጽጽሩ ቀበሌ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ትምህርት ላይ የመገኘታቸው ዕድልም ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። ከ15 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ግን ይህ ውጤት አልታየም። ዕድሜ ሲጨምር የጥሎሹም፣ የጂዳውም ዋጋ ይጨምራል፤ እንስሳው ግን ያው አንድ እንስሳ ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረችው ፕሮግሬሳ የተባለ ፕሮግራም ይህን ቀድሞ ተረድቶት ነበር፤ ለቤተሰቡ የሚከፈለው ክፍል በጨመረ ቁጥር ያድግ ነበር፤ በሁለተኛ ደረጃም ለሴት ልጅ ይበልጥ ነበር።

በእኛ አገር የሚሆነው ግልባጩ ነው። አዲስ አበባ የጀመረችው የተማሪዎች ምገባ ብዙ ሕፃናትን ክፍል ውስጥ አስቀርቷል፤ መመስገን አለበት። በዋናነት የሚያቅፈው ግን የታችኞቹን ክፍሎች ነው። ልጁ የጉልበት ዋጋ ማውጣት በሚጀምርበት፣ ቤተሰቡም «እንግዲህ ደረሰ» በሚልበት በዚያው ዓመት ሳህኑ ይነሳል። ሴፍቲኔት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን በሚደግፍበት አገር የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ላለው ቤት ጥቂት ብር ጨምሮ፣ የልጁን ስም ከሮስተር ጋር ማመሳከር አዲስ ተቋም አይጠይቅም።

ገንዘብ የማይጠይቅም አለ። ሰሊጥ የሚታጨደው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ትምህርት የሚጀመረውም በመስከረም። ከደጋ ወረዳዎች ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ልጅ ብዙ ጊዜ ለመማሪያው ብር ሊያመጣ ነው የሚሄደው። ኅዳር ላይ ሲመለስ ምዝገባ አልቋል ይባላል። ስምንት ሳምንት የቀረ ልጅ ለዓመት ይባረራል፤ ለዓመት የተባረረ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። በእነዚያ ወረዳዎች እስከ ኅዳር መጨረሻ የዘገየ ምዝገባና የማጠናከሪያ ክፍል መፍቀድ ለአንድ ክልል ትምህርት ቢሮ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋ፣ የፈረሰ ወይም ካምፕ የሆነባቸው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች አሉ። ይህ ደብዳቤ ስለ እነሱ አይደለም። የተዘጋ በር ላይ ቆሞ ስለ ትምህርት ጥቅም ማስረዳት አይቻልም፤ የእነሱ ጥያቄ ሌላ ነው፣ የሚጠየቀውም ሌላ ነው።

እንግዲህ ከሚኒስቴሩ የሚጠየቀው ይኸው ነው። እያንዳንዱ 8ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት፣ ክልላዊ ፈተናው ሳይደርስ፣ ለተማሪውና ለወላጁ የሚሰጥ አንድ ገጽ ወረቀት ይኑረው፤ በልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋ የተጻፈ። ወረቀቱ ላይ ከዚህ ወረዳ ከአምስት ዓመት በፊት 8ኛን የጨረሱት የት እንዳሉ ይጻፍ፤ ስንቱ ዩኒቨርሲቲ፣ ስንቱ ቴክኒክና ሙያ፣ ስንቱ ቀን ሥራ፣ ስንቱ ስደት ላይ። በእያንዳንዱ የሚገኘው የወር ገቢ አጠገቡ ይቀመጥ፤ መጥፎውም ቁጥር ሳይዘለል። የፈተና መለያ ቁጥሩ ሚኒስቴሩ ዘንድ አለ፤ የሥራ ፈላጊዎች ምዝገባ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ዘንድ አለ፤ ከሰፈር የወጣውን ደግሞ የቀበሌው ሰው በስም ያውቀዋል። የሒሳብ መምህሩ ሁለት ክፍለ ጊዜ ወስዶ ከላይ ያለውን ስሌት በወረዳው ዋጋ ከልጆቹ ጋር ይሥራው። ልጆቹ ሲከራከሩት ይከራከሩት።

ከዚያም ሰው ይምጣ። ከዚያው ትምህርት ቤት ወጥቶ፣ ከድሃ ቤት ወጥቶ፣ ዛሬ ነርስ ወይም ኤሌክትሪሺያን ወይም ባንክ ቤት ጸሐፊ የሆነ ሰው። ደመወዙን በብር ይናገር፤ ለቤት ኪራይ ስንት እንደሚሄድም ይናገር። ለእሱ መጓጓዣ የሚወጣው ወጪ ለባነር ከሚወጣው አይበልጥም። ከስደት የተመለሰም ይምጣ፤ የተሳካለትም ያልተሳካለትም።

ከየት ይጀመር ለሚለው ሚኒስቴሩ ዝርዝሩ አለው። ብሔራዊ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሄደ ወዲህ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓመት ውስጥ አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀርተዋል። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች 9ኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ስሌት ውስጥ የማለፍ ዕድሉ ዜሮ ነው፤ በዜሮ የተባዛ ሁሉ ደግሞ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ለእነሱ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ 12ኛን ጨርሶ ያላለፈ ልጅ በቀጥታ የሚገባበት የቴክኒክና ሙያ ቦታ በየወረዳው በቁጥር ተይዞ፣ ልጁ ገና 9ኛ ሲገባ ሊነገረው ይገባል። በመጪው መስከረም ምዝገባ ሲከፈት ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የትኞቹ እንደተመረጡ ሚኒስቴሩ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ ይጠየቃል።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች
ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቶች
ባሉበት